ባለቤቱ ይነሳ

ሰው ሁሉ «እትዬ» ነበር የሚላት። ዘበኛው እትዬ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ እትዬ፣ ሊወልዷት የሚችሉ ሽማግሌ ሠዓሊዎች ሳይቀሩ እትዬ። በእውነት እትዬ ልትላት የሚገባት አንዲት ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደማንኛውም ደመወዝተኛ የተናገረች ይመስላት ነበር። ይህ ታሪክ የታናሽየዋ ነው፤ ግን እትዬ በሌለችበት የሚጀመር ነገር ስለሌለ ከእትዬ እንጀምር።

እናታቸው ፍራሽ አዳሽ ነበረች። የሰው አሮጌ ፍራሽ ተቀብላ፣ ፈትታ፣ የደረቀውን ጥጥ ጓሮ አውጥታ በዱላ ደብድባ ካፍታታችው በኋላ መልሳ ትሰፋለች። በዚህ ሁለት ሴት ልጆች አሳደገች። እትዬ ከዚያ ዱላ ተነስታ የፍራሽ ፋብሪካ አቆመች። አሁን በከተማው የእትዬ ስፖንጅ ያልነካው ጀርባ የለም፤ «አገር አስተኝታ እሷ አትተኛም» ይሏታል። አንድ ጊዜ አግብታም ነበር። ባሏንና ፋብሪካውን አንድ ቤት አኖረቻቸው፤ ፋብሪካው አሸነፈ።

ሀብት ሲጠግብ ጌጥ ያምረዋል፤ እትዬን ያማራት ጥበብ ነበር። ለድሃ ሠዓሊ ቀለም ትገዛለች፣ ለሙዚቃ ተማሪዎች ፒያኖ ታስመጣለች፣ የቲያትር ቤቱ መጋረጃ ሲቀደድ የሚደወለው ለእሷ ነው። የድሮውን የጥጥ መጋዘን ወለሉን አስወልውላ፣ ግድግዳውን ነጭ አስቀብታ የሥዕል አዳራሽ አደረገችው። ፀሐይ ሲበረታ ግን ከየጥጉ አሁንም የጥጥ ብናኝ ይነሳል። እንግዶች ያስነጥሳሉ፤ እትዬ «ጥበብ ነክቷቸው ነው» ትላለች።

በዓመት አንዴ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ውድድር አለ። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። ሥዕል ላይ ስምም ፊርማም አይጻፍም። ሠዓሊዎቹ ከእንግዶች ጋር ተቀላቅለው ይቀመጣሉ፤ ሦስት ዳኞች በእያንዳንዱ ሥዕል ፊት ቆመው የመሰላቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ሲጨርሱ «ባለቤቱ ይነሳ!» ይባላል። ተሞገሰም ተሰደበም ባለቤቱ ሰው ፊት ይነሳል። የተመረጠው ሥዕል አዳራሹ ውስጥ ይቀራል፤ የወደቀውን ባለቤቱ በገዛ እጁ ከግድግዳ አውርዶ ይወስዳል። የኔ ነው የሚል ያጣ ሥዕል ወደ ፋብሪካው ይሄድና ሸራው ተቀዶ የፍራሽ ጥግ ማጠናከሪያ ይሆናል። «ልጁን የካደ አባትና ሥዕሉን የካደ ሠዓሊ ደጄን አይርገጡ» ትላለች እትዬ።

ያን ቀን ትወደዋለች። ፊተኛው ረድፍ ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፣ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሥዕሏ ሲብጠለጠል ቆማ ተንቀጠቀጠች። እትዬ ውሃ አስመጣችላት። ልጅቷ ጠጥታ ልትቀመጥ ስትል ግን ዝምታዋን ሰብራ፣ «ቁሚ የኔ ልጅ፣ ገና አልጨረሱም» አለቻት።

ታናሽየዋ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። እጅ አላት ይሏት ነበር። እናታቸው ስትታመም እትዬ «ለጊዜው አቋርጪና አስታሚያት፤ እኔ ፋብሪካውን ማን ላይ ልጣለው?» አለቻት። እናታቸው ሞተች፤ «ለጊዜው» ግን ዕድሜ ረዘመለት። አሁን አዳራሹ የቆመው በእሷ ጉልበት ነው። ሚስማር የምትመታው፣ ሥዕል የምትሰቅለው፣ ጥሪ የምታድለው፣ ለዳኞች ሻይ የምታቀርበው እሷ ናት። ከአዳራሹ በላይ ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ብርሃን የሚገባበት ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል አለ። እትዬ ብቻዋን እየገባች የምትሥለው እዚያ ነው፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። «አንድ ቀን ላንቺ ይሆናል» ስትላት ኖራለች። ታናሽየዋ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ያን ክፍል ነበር። እና አንዲት እውነተኛ ቃል፦ እጄ አለ ወይስ ሞቷል?

ለዚህ ስትል ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት ተደብቃ አንድ ሥዕል ሠርታ ነበር። ሸራ ስላልነበራት በፍራሽ ልብስ ላይ፣ እትዬ ጨምቃ ከጣለቻቸው ቱቦዎች በተረፈ ቀለም። ዱላ የጨበጡ ሁለት እጆች፣ ከሥራቸው እየፈነዳ የሚነሳ ጥጥ፣ ጥጡ ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ ብርሃን ይሆናል። ፊት የለውም። ለራሷ «ጥጡ» እያለች ነበር የምትጠራው። ሥዕሎቹን የምትሰቅለው እሷ ስለሆነች ከሌሎቹ መሃል ብትሰቅለው ከየት መጣ የሚላት አይኖርም።

ውድድሩ ሲቃረብ እትዬ ወደ ላይኛው ክፍል ጠራቻት።

«ግቢ። በሩን ዝጊው።»

መስኮቱ ፊት ትልቅ ሥዕል ቆሟል። ጀርባው ረጅም ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት፣ አንገቷ ላይ ወርቅ፣ ጣቶቿ ላይ ወርቅ፣ ከኋላዋ ቀይ መጋረጃ። አንገቷ ምሰሶ ነው፤ እጆቿ የማን እንደሆኑ አይታወቅም።

«ማን ናት?»

«እንዴ! እማዬ ናታ!»

ታናሽየዋ ቀረብ ብላ አየች። እውነትም ፊቷ የእማዬ ነበር። እናታቸው አንድም ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችው፤ እትዬ በሐሳቧ ብቻ ይዛ፣ ያቺን ለመሳቅ ስታስብ ወደ ግራ የምትሸሽ ከንፈር አግኝታታለች። ከፊቷ በታች ያለው ሁሉ ግን የሌላ ሴት ነው።

«እማዬ ወርቅ አድርጋ አታውቅም።»

«ብትቆይ አደርግላት ነበር። ሞት ቀደመኝ፣ በብሩሽ አደረግኩላት። ይልቅ ንገሪኝ፣ እንዴት ናት?»

ታናሽየዋ የምትለውን ፈልጋ ፈልጋ፣ «ሸራው ጥሩ ነው» አለች።

«የውጭ ነው» አለች እትዬ ደስ ብሏት። «ዘንድሮ አስገባታለሁ። በደንቡ፣ ማንም ሳያውቅ። የኔ መሆኗን ለአንድ ሰው እንዳትተነፍሺ፤ በእማዬ አጥንት ማዪልኝ።»

«እትዬ፣ የኔ ናት ብትያቸው ማን እምቢ ይልሻል? አዳራሹ ያንቺ፣ ግድግዳው ያንቺ።»

«ሞኝ! ሲዋሹኝ ነው የኖርኩት። ጥርሴን ብፍቅ የሚያጨበጭብልኝ ሞልቷል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እኔ መሆኔን ሳያውቁ ያጨብጭቡልኝ።»

ታናሽየዋ ደነገጠች። ለዓመታት ለብቻዋ የያዘችው ምኞት ከሌላ አፍ ሲወጣ ሰማችው። ማለች።

«ካለፈች» አለች እትዬ ቁልፉን ከደረቷ ስባ እያሳየቻት፣ «ይሄን አንቺ አንገት ላይ አስረዋለሁ። ክፍሉ ያንቺ ነው።»

«ካላለፈችስ?»

«ካላለፈችማ ክፍሉን ራሴ እፈልገዋለሁ። መለማመድ አለብኝ ማለት ነዋ!»

ሥዕሉ እንደማያልፍ ዘበኛው እንኳ ቢያየው ያውቃል። ታናሽየዋ ደረጃውን ስትወርድ ክፍሉ ከኋላዋ ሲዘጋ ይሰማት ነበር።

በውድድሩ ዋዜማ፣ ጥጡም የእትዬ ሥዕልም ከሌሎቹ መሃል ተሰቅለው ሳለ፣ ዳኞቹ ሊያዩ መጡ። አንደኛው ብዙ የኖረ፣ ሰው የማይወድ ሽማግሌ ሠዓሊ ነው፤ አዳራሹን ዞሮ ዞሮ ያቀረበችለትን ሻይ ሳይቀምስ ተነስቶ ሄደ። ሁለተኛዋ ስለ ሥዕል የምትጽፍ ጋዜጠኛ ናት፤ ስልኳ ላይ ነበረች። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ዶክተር ነው፤ በምላሱ የተነሳ ሠዓሊዎቹ «ምላጭ» ይሉታል። ታናሽየዋ ስኳር ስታቀርብለት ጎንበስ አለች።

«ዶክተር፣ ዘንድሮ እትዬም አለችበት።»

ብርጭቆው አፉ ላይ ቆመ። «የት?»

«ከተሰቀሉት ውስጥ።»

«የትኛው ነው?»

«ምያለሁ፣ አልናገርም።»

«እህቴ፣ የምናገረው ነገር እንጀራዬን ይነካል። የሚቀጥለውን መጽሐፌን የምታሳትመው እሷ ናት። ጫፉን ብቻ ጣል አድርጊልኝ።»

ታናሽየዋ መሐላዋን በዓይነ ኅሊናዋ ዞራ አየችው፤ አንድ ቀዳዳ ያለው መሰላት። «እናታችን ናት» አለች። «እናታችንን ነው የሣለችው።»

«ፍራሽ አዳሿን?»

«አዎ።»

«በቃ፣ በቃ። ገብቶኛል።» ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ወደ ጋዜጠኛዋ ሄደ።

ታናሽየዋ ብርጭቆውን ስታነሳ እጇ ቀልሏት ነበር። ለእናቷ አጥንት አልዋሸች፣ ክፍሉንም አላጣች። እንዲህ ነው ብልጥ ማለት፣ አለች ለራሷ።

በነጋታው አዳራሹ ጢም አለ። ታናሽየዋ ከበሩ አጠገብ ኋላ ተቀመጠች። አንዳንዱ ተሞግሶ፣ አንዳንዱ ተዋርዶ ተነሳ። አንዱ ጎረምሳ የወደቀ ሥዕሉን ሲያወርድ ሚስማሩን ጭምር ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ባለወርቋ ሴትዮ ደረሰች።

ምላጭ ወገቡን ይዞ ቆሞ ተመለከታት። «ማን ናት ይቺ? ጥርስ ልታስነቅል ተራ የምትጠብቅ የሀብታም ሚስት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እጆቿን እዩልኝ» አለች ጋዜጠኛዋ። «ጓንት ውስጥ ስፖንጅ ተጠቅጥቆ!» ይህን ስትል ዞር ብላ ለእትዬ ፈገግ አለችላት፤ የስፖንጅ ቀልድ እሷን ደስ ያሰኛል ብላ ነው።

«ወርቁ ግን በሚገባ ተሥሏል» አለ ምላጭ። «ሠዓሊው ሴትዮዋን አያውቃትም፤ ወርቁን ግን ያውቀዋል። ሰው ሳይወዱ ሰው መሣል እንዲህ ነው።»

ሽማግሌው ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። «ከንፈሯ አካባቢ...» ብሎ ጀመረና፣ «አይ፣ አይሆንም» ብሎ ተወው።

እትዬ እንደየዓመቱ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። ፈገግታዋ ሳይጨምርም ሳይቀንስም እዚያው ነበረ።

«ባለቤቱ ይነሳ!»

ማንም አልተነሳም።

«ባለቤቱ ይነሳ!»

«ፈሪ!» አለ ሚስማር ነቃዩ ጎረምሳ። ሰዉ እንደገና ሳቀ። ዘበኛው ሥዕሉን ለፋብሪካው ሊያወርድ ሲራመድ፣ «ይቆይ» አለች እትዬ። ዘበኛው ግራ ገብቶት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ታናሽየዋ ምንም አልገባትም። ምላጭ ሰምቶ የለም እንዴ? ነግራው የለም? ይህን እያሰላሰለች ዳኞቹ ጥጡ ጋ ደረሱ። ምላጭ ኮቱን ቆለፈ።

«እዚህ ላይ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም ልል ነበር። ግን አልቻልኩም። ይህ እናት ነው! ይህ ላብ ነው! ጨርቁን ተመልከቱ፣ የፍራሽ ልብስ ነው። ከታች የተነሳ፣ የተነሳበትንም ያልረሳ ትልቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚሠራው።»

«እኔ እንባዬ መጣ» አለች ጋዜጠኛዋ። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

በመጀመሪያ ታናሽየዋ ደረቷ ሞቀ። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል እየመጣ ነው። ከዚያ ምላጭ በየቃሉ መጨረሻ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አየች። ፊተኛው ረድፍ። እትዬ ላይ።

ያኔ ገባት። የእናታቸውን ፊት በዚያ አዳራሽ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለእሷ ባለወርቋ ሴትዮ በከንፈሯ እማዬ ነበረች፤ በሕይወት ላላያት ሰው ግን ማንም ናት። እናታችን፣ ፍራሽ አዳሿ ብላ ስትጠቁም ጣቷ የቆመው በገዛ ሥዕሏ ላይ ነው። የቆጧን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ከእንግዲህ ይህ ሙገሳ ለጥጡ ይሁን ለስፖንጁ በምን ታውቃለች? ስም በሌለበት ልትመዘን የነበረችበትን አንድ ቀን ራሷ አበላሸችው።

ሽማግሌው ጥጡ ፊት ቆመና ባርኔጣውን ብቻ አወለቀ።

«ባለቤቱ ይነሳ!» አለ ምላጭ፣ እጆቹን ለጭብጨባ አዘጋጅቶ።

የሆነው ይሁን አለችና ታናሽየዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ከወገቧ በላይ ቀና ስትል ወንበሩ ጮኸ፤ እትዬ ዞራ አየቻት። ለአንድ አፍታ እህትማማቾቹ ተያዩ። እትዬ ጥጡን ተመለከተች፣ እህቷን ተመለከተች፣ ምላጭን ተመለከተች። ሁሉም ገባት፤ ነጋዴ ናት፣ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅባትም።

እትዬ ተነሳች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። «ባልነሳ ደስ ይለኝ ነበር። ደንብ ነው፣ ምን ላድርግ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ታናሽየዋ ኋላ ላይ፣ ግማሽ ቆማ ግማሽ ተቀምጣ፣ ከፊቷ ያለውን ወንበር ይዛ ቀረች።

እትዬ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። «ያቺኛዋም ባለቤት አላት» አለች ወደ ባለወርቋ እየጠቆመች። «የእህቴ ናት። ይኸው ቆማለች፣ አፏ አልታዘዝ ብሏት ነው እንጂ። አይዞሽ፣ በደንብ ቁሚ! እናንተም አትፍረዱባት፤ ትሞክራለች።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ከንፈር የመጠጠ ነበር፤ የሳቀው ይበልጣል። ምላጭ የተናገረውን አስታውሶ ደነገጠና፣ የእትዬን ፈገግታ አይቶ ተረጋጋ።

«የኔ ጥጡ ነው» የሚለው ቃል ታናሽየዋ ጉሮሮ ድረስ መጥቶ ነበር። ማን ያምናታል? ሻይ የምታቀርብ ሴት። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ዝም ያሰኛት ይህ ብቻ አይደለም። እትዬ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ቁልፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ነበር።

ታናሽየዋ በደንብ ቆመች። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ባለወርቋን ከግድግዳ አወረደች። ከባድ ነበረች። ሽማግሌው ጠርዟን ይዞ አገዛትና ጆሮዋ ሥር ተናገረ።

«ልጄ፣ ሰው እየሸነገለ አያቆይሽ፤ እጅ የለሽም። ተዪው፣ ሌላ ሥራ ሞልቷል።»

«እሺ አባባ።»

«የእህትሽን ጥጥ ግን... እነዚያ ሁለቱ ያጨበጨቡት ለሴትዮዋ ነው። ወሬውን ለእኔም ያንሾካሾኩልኝ አሁን ስገባ ነው። እኔ ትላንት ነው ያየሁት። ሻይሽን ሳልጠጣ የወጣሁት ለእሱ ነው፤ ቤቴ ገብቼ ብሩሽ መንካት አቃተኝ። ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አለች ታናሽየዋ። እውነተኛዋ ቃል መጣች፤ የመጣችው ግን በሌላ ሰው አድራሻ ነው።

በማግስቱ እትዬ ላይኛው ክፍል ውስጥ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት። ከታች አዳራሹ በጎብኚ ተሞልቷል፣ ጥጡ ፊት ሰው ይጋፋል።

«እኔ ቃሌን አልበላም» አለች። «ክፍሉ ያንቺ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የብቻዬን ትርኢት እከፍታለሁ፤ እንደ ጥጡ ያሉ፣ ተለቅ ተለቅ ያሉ ትሠሪልኛለሽ። ሸራም ቀለምም የጠየቅሽውን። ፊርማ እንደሆነ ደንቡም አይፈቅድም።»

«እትዬ፣ ጥጡን ስታዪው ምን አልሽ? የሰዉን አይደለም፣ ያንቺን።»

እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። «የእማዬ እጅ መሆኑን ገና ሳየው አወቅኩት» አለች። «ለዚህ ነው የተነሳሁት። እጇን የወረስሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?»

ታናሽየዋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተደገፈችውን ባለወርቋን አምጥታ መስኮቱ ፊት አቆመች። አዳራሹ ሲቀባ የተረፈ የነጭ ቀለም ባልዲ ነበር፤ ክዳኑን በቢላ ፈለቀቀችና ሰፊውን ብሩሽ ነከረች።

«ምንድነው የምታደርጊው?»

«ሸራው ጥሩ ነው። የውጭ ነው።»

የመጀመሪያው ነጭ መስመር አንገቷ ላይ ያለውን ወርቅ ከዳር እስከ ዳር ወሰደው። እትዬ ክንዷን ያዘቻት።

«አብደሻል? ስንት ዓመት የለፋሁባት ናት! ተዪ፣ የኔ ናት!»

«ጮክ በዪ» አለች ታናሽየዋ ሳትዞር። «በሩ ክፍት ነው፤ ታች ይስሙሽ።»

የእትዬ እጅ ላላ። ከታች የሰው ኮቴና ሳቅ፣ ከመሃሉም የምላጭ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ላብና ስለ እናት ያስረዳል። እትዬ በሩን አየች፣ ሥዕሏን አየች። አንዲት ቃል ብትጮህ ሥዕሏን ታድናታለች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ነጩ ቀለም እጆቹን ሸፈነ። መጋረጃውን፣ ወንበሩን። ታናሽየዋ አልቸኮለችም፤ ጥሩ ሠራተኛ ናት፣ ጥጋጥጉን አትስትም። በመጨረሻ የቀረው ፊቷ ብቻ ሆነ።

«እሺ ፊቷን» አለች እትዬ በሹክሹክታ። ታናሽየዋ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ። «እባክሽ፣ ፊቷን እንኳ ተዪልኝ። ፎቶ የለንም።»

ብሩሹ ቆመ። ወደ ግራ የምትሸሸው ከንፈር ሁለቱንም ልትስቅባቸው ያሰበች ትመስላለች።

«የማንን ፊት?» አለች ታናሽየዋ፣ ብሩሹንም እንደገና ነከረች።